ሃሪ ናይኲስት (1889–1976) እና የመሣሪያ አቅም ወሰን

ለአንድ ቤተ ሙከራ ኮምፒዩተር ወይም የድምፅ መቅጃ መሣሪያ ሊገዛ ሲታሰብ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በቴክኒክ መግለጫው ላይ በሰፈሩት ቁጥሮች ላይ ነው። የፕሮሰሰሩ ክሎክ ስንት ጊጋኸርዝ ነው? ሳውንድ ካርዱ በሰከንድ ስንት ናሙና ይወስዳል? እያንዳንዱ ናሙና በስንት ቢት ይመዘገባል? ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ይህ ማንም የሚያውቀው ነው። ውጤቱም በዚያው ልክ ከፍ ይላል የሚለው እምነት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በመለካት ሳይሆን በመገመት ላይ ነው። የምርምር በጀት ጠባብ በሆነበት ቦታ ደግሞ የዚህ ግምት ስሕተት በገንዘብ የሚከፈል ነው።

ጥያቄው ከኮምፒዩተር የሚቀድም ዕድሜ አለው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በአሜሪካ የስልክና የቴሌግራፍ ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ አንድ ስዊድናዊ ተወላጅ መሐንዲስ በተለያዩ ጊዜያት ባወጣቸው ጥቂት ጽሑፎች የጥያቄውን ሦስት ገጽታዎች መልሷል። ስሙ ሃሪ ናይኲስት ነው። የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ ስሙን በሲግናል ትምህርት፣ በኮሙኒኬሽን ትምህርትና በቁጥጥር ሥርዓት ትምህርት ውስጥ ለየብቻ ያገኘዋል፤ ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸውን ልብ የሚል ግን ብዙ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኒልስቢ እስከ ኒው ዮርክ

ናይኲስት የካቲት ወር 1889 በምዕራብ ስዊድን፣ በቬርምላንድ አውራጃ ኒልስቢ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ ልጆች የበዙበትና ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ነበር። በ1907 የ18 ዓመት ወጣት ሳለ ብዙ የአገሩ ሰዎች እንዳደረጉት አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። ኮሌጅ የገባው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1912 ነው፤ በሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምሕንድስና የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1914፣ የማስተርስ ዲግሪውን በ1915 ካገኘ በኋላ ወደ ዬል ዩኒቨርሲቲ አልፎ በ1917 በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበለ። ከባዕድ ቋንቋ ጋር እየታገለ በአምስት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያ ዲግሪ እስከ ዶክትሬት መድረሱ በማንኛውም ዘመን ፈጣን የሚባል ጉዞ ነው።

በዚያው ዓመት በኤቲ ኤንድ ቲ የልማትና ምርምር ክፍል ተቀጠረ። ክፍሉ በ1934 ከቤል ላቦራቶሪ ጋር ሲዋሐድ እርሱም አብሮ ተዛወረ፤ እስከ 1954 ጡረታው ድረስም ከዚያ አልወጣም። ሥራው በአብዛኛው ከሽቦ ጋር የተያያዘ ነበር። በ1924 ኩባንያው ፎቶግራፍን በስልክ መስመር ለማስተላለፍ ባካሄደው ሙከራ፣ ማለትም ለኋለኛው ፋክስ መንገድ በጠረገው ሥራ፣ ከተሳተፉት መሐንዲሶች አንዱ ነበር።

የቴሌግራፍ ፍጥነት

በ1924 በቤል ሲስተም የቴክኒክ መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፉ የቴሌግራፍን ፍጥነት የሚወስኑትን ነገሮች ይመረምራል። ጥያቄው ከዚያ በፊት ብዙ ገንዘብ አስከፍሏል። በ1858 አውሮፓን ከአሜሪካ ያገናኘው የመጀመሪያው የባሕር ውስጥ ኬብል ምልክቱ እየደከመ ሲሄድ፣ የኩባንያው የኤሌክትሪክ ኃላፊ የነበረው ዋይልድማን ዋይትሃውስ መፍትሔው ኃይል መጨመር ነው ብሎ ወደ 2,000 ቮልት የሚደርስ ግፊት ለቀቀበት፤ ኬብሉ ሥራ በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፈጽሞ ጸጥ አለ። ተቃራኒውን አቋም የያዘው ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ደካማ ምልክትን የሚያነብ ስስ መሣሪያ እንጂ ብርቱ ግፊት እንደማያስፈልግ ይከራከር ነበር። የመግለጫውን ቁጥር ከፍ በማድረግ ውጤትን ለማሻሻል ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል ይህን ያህል ውድ የሆነ ጥቂት ነው።

ናይኲስት ጉዳዩን ከኃይል ነጥሎ ወደ ሁለት ምርጫዎች አመጣው፤ አንደኛው የምልክቱ ቅርጽ፣ ሁለተኛው ኮዱ ነው። መስመሩ በሰከንድ የሚያስተላልፈው የምልክት ብዛት ቋሚ ከሆነ፣ መልእክቱ የሚጓዝበት ፍጥነት አንድ ምልክት ሊይዛቸው ከሚችላቸው የተለያዩ የኤሌክትሪክ ፍሰት ደረጃዎች ብዛት ሎጋሪዝም ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን አሳየ። እዚህ ላይ ሎጋሪዝም የሚለው ቃል ሊታለፍ አይገባም። ደረጃዎቹ ከ2 ወደ 4 ከፍ ሲሉ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ከ4 ወደ 8 ሲያድጉ የሚገኘው አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው። ከ8 ወደ 16 ሲሆን ደግሞ ትርፉ አንድ ሦስተኛ ይሆናል። መሣሪያው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ እጥፍ ያህል ረቂቅ የሆነ ልዩነት እንዲለይ ይገደዳል። ወጪው በማባዛት፣ ትርፉ በመደመር ይሄዳል ማለት ነው።

በ1928 ይህንኑ ሐሳብ አስፍቶ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም ጉባኤ ላይ አቀረበ። የዚህ ሁለተኛ ጽሑፍ ዋና ግኝት በአንድ መስመር ላይ እርስ በርሳቸው ሳይደባለቁ በሰከንድ ሊያልፉ የሚችሉት ነጻ ምልክቶች ብዛት ከመስመሩ የድግግሞሽ ስፋት ሁለት እጥፍ ሊበልጥ እንደማይችል ነው። መስመሩ 1,000 ኸርዝ ስፋት ካለው ወሰኑ 2,000 ምልክት ነው፤ በላኪው በኩል የቱንም ያህል ፈጣን መሣሪያ ቢቆም ወሰኑ አይነቃነቅም።

ዛሬ የናሙና ንድፈ ሐሳብ እየተባለ ለናይኲስት የሚሰጠው ሕግ የዚህ ግኝት ገልባጭ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ነው ማለት ግን ልክ አይሆንም። ናይኲስት የጻፈው ስለ ቴሌግራፍ ምልክት እንጂ ድምፅን በናሙና ስለ መመዝገብ አልነበረም። የሒሳቡን መሠረት እንግሊዛዊው ዊተከር በ1915 አስቀምጦታል፤ ሩሲያዊው ኮቴልኒኮቭ በ1933 ለኮሙኒኬሽን አውሎታል፤ በ1948 እና በ1949 ናይኲስትን በስም ጠቅሶ በተሟላ መልክ ያቀረበው ደግሞ ክሎድ ሻነን ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል፤ አንድ ምልክት ከተወሰነ ድግግሞሽ በላይ ምንም ነገር ከሌለው፣ ከዚያ ድግግሞሽ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት የተወሰዱ ናሙናዎች ምልክቱን ሙሉ በሙሉ ይወስኑታል። የሚወስኑት ግን በግምት ወይም በመቀራረብ አይደለም፤ በትክክል ነው።

በድምፅ መሣሪያ ገበያ ውስጥ በብዛት የሚሳሳቱበት ቦታ ይኸው ነው። በሁለት ናሙናዎች መካከል ያለው ድምፅ ይጠፋል፤ ስለዚህ ናሙናዎቹ በተቀራረቡ ቁጥር ድምፁ ይለሰልሳል የሚለው አስተሳሰብ የፊልም ምስልን ከድምፅ ጋር ከማመሳሰል የመጣ ይመስላል። የሰው ጆሮ፣ ያውም የወጣት ጆሮ፣ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው። የ1982ቱ ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና ይወስዳል፤ ከእጥፉ በላይ ያለው ትርፍ ማጣሪያው እንዲሠራበት የተተወ ክፍት ቦታ ነው። 96,000 ወይም 192,000 ናሙና የሚወስድ መሣሪያ በዚህ ወሰን ውስጥ ላለው ድምፅ የሚጨምረው አዲስ መረጃ የለም። የሚጨምረው ጆሮ የማይደርስበትን ድግግሞሽ ነው። ያም ቢሆን ሁልጊዜ ጉዳት የለውም ማለት አይቻልም፤ ፍጹም ያልሆነ አምፕሊፋየር ሁለት የማይሰሙ ከፍተኛ ድግግሞሾች ሲገቡበት የሁለቱን ልዩነት፣ ማለትም የሚሰማ ባዕድ ድምፅ፣ ሊፈጥር ይችላል። የማይሰማውን ለመጨመር የሚሰማውን ማበላሸት ይሆናል።

በአድማጮች ላይ የተደረጉ ፈተናዎችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ማየርና ሞራን በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከፍተኛ ጥራት አላቸው የተባሉ ቅጂዎች በሲዲ ደረጃ በተሠራ መለወጫ ውስጥ ሲያልፉና ሳያልፉ አድማጮች እንዲለዩ ተደርጎ ነበር፤ ከ554 ሙከራዎች ትክክል የሆነው ግማሽ ያህሉ ነው፤ ሳንቲም በመወርወር የሚገኝ ውጤት። በ2016 ጆሹዋ ራይስ 18 ጥናቶችን አጠቃሎ ባደረገው ትንታኔ 52.3 በመቶ ትክክለኛ መልስ አግኝቷል። ይህ በስታቲስቲክስ ከዕድል የሚለይ ቢሆንም እጅግ ጠባብ ልዩነት ነው። ልዩነቱ አለ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ለብዙ ገንዘብ የሚበቃ ነው ብሎ መከራከር ግን ይከብዳል።

የሬዚስተር ሁካታ

ሁለተኛው ታላቅ ሥራው የጀመረው በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው። በቤል ላቦራቶሪ የሚሠራው ጆን ጆንሰን እንደ ናይኲስት ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ የመጣ፣ እንደ ናይኲስት በሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ እንደ ናይኲስት በ1917 ከዬል ዶክትሬት ያገኘ ሰው ነበር። ጆንሰን የተለያዩ ሬዚስተሮችን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ ሲለካ፣ ምንም ምልክት ሳይገባባቸው ከሁሉም የማያቋርጥ ሁካታ አገኘ። ሁካታው ሬዚስተሩ በተሠራበት ቁስ አይለያይም፤ የሚከተለው የመቋቋሙን መጠንና ሙቀቱን ብቻ ነበር። ይህን ለናይኲስት አዋየው።

የናይኲስት መልስ በአጭርነቱ የሚደነቅ ነው። ሁለት እኩል ሬዚስተሮች ኃይል በማያባክን መስመር ተያይዘው በአንድ ሙቀት ላይ ቢቀመጡ፣ አንዱ ለሌላው የሚሰጠው ኃይል እኩል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ይፈርሳል። ከዚህ ብቻ ተነሥቶ፣ ኤሌክትሮኖቹ ምን እንደሚያደርጉ በዝርዝር ሳይጠይቅ፣ የሁካታውን መጠን የሚሰጠውን ቀመር አወጣ። የቮልቴጁ ስኩዌር ከሙቀቱ፣ ከመቋቋሙና ከድግግሞሽ ስፋቱ ብዜት ጋር ተመጣጣኝ ነው። የሁለቱ ሰዎች ጽሑፎች በ1928 በፊዚካል ሪቪው አንድ ዕትም ላይ ጎን ለጎን ወጡ።

ቀመሩ በዛሬ መሣሪያ ላይ የሚኖረውን ትርጉም በቁጥር ማየት ይበጃል። ትልቁ ምልክቱ 2 ቮልት የሆነ የድምፅ መሣሪያ ይወሰድ። በ16 ቢት ሲመዘገብ እያንዳንዷ ደረጃ 86 ማይክሮቮልት ያህል ትሆናለች። በ24 ቢት ሲሆን ደረጃዋ ወደ 0.34 ማይክሮቮልት ትወርዳለች። በክፍል ሙቀት ላይ የተቀመጠ አንድ 1,000 ኦም ሬዚስተር ደግሞ በ20,000 ኸርዝ ስፋት ውስጥ ብቻውን 0.57 ማይክሮቮልት ያህል ሁካታ ያሰማል። በምልክቱ መንገድ ላይ ከተቀመጡት ብዙ ክፍሎች የአንዷ ሁካታ ብቻ የ24 ቢትን የመጨረሻ ደረጃ ይሸፍናል ማለት ነው። በ24 ቢት ወረቀት ላይ የሚጻፈው 144 ዴሲቤል በተግባር የማይገኘውና ምርጦቹ መለወጫዎች ከ120 እስከ 130 ዴሲቤል ባለው አካባቢ የሚቆሙት የፋብሪካ ስንፍና ኖሮ አይደለም። ባለ 32 ቢት መለወጫ ብሎ የሚያስተዋውቅ ሰው የሚሸጠው፣ ከዚያ በታች ያሉትን ቢቶች በተመለከተ፣ የሬዚስተርን ሙቀት ነው።

እርግጥ 24 ቢት ከንቱ ነው ማለትም ስሕተት ይሆናል። በመቅዳት ጊዜ የድምፁ ከፍታ አስቀድሞ ስለማይታወቅ መቅጃውን ዝቅ አድርጎ ለመጀመር የሚያስችል ትርፍ ቦታ ይሰጣል፤ ለመስክ ተመራማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀድቶ ለተዘጋጀና ለሚደመጥ ሥራ ግን 16 ቢት ከአብዛኛው ክፍል ጸጥታ የበለጠ ጸጥታ አለው።

ሻነን በ1948 የመስመር አቅምን ቀመር ሲጽፍ የተጠቀመባቸው ሁለት መጠኖች የድግግሞሽ ስፋትና የምልክት ከሁካታ ጋር ያለው ንጽጽር ናቸው። ናይኲስት የመጀመሪያውን ከቴሌግራፍ፣ ሁለተኛውን ከሬዚስተር አውጥቶ በየበኩላቸው አስቀምጧቸው ነበር። 3,000 ኸርዝ ስፋት ያለውና ምልክቱ ከሁካታው 1,000 እጥፍ የሚበልጥ የስልክ መስመር በሰከንድ ከ30,000 ቢት ብዙ አያልፍም፤ የድሮው የስልክ ሞደም ፍጥነት ለዓመታት በዚህ አካባቢ ተገትሮ የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚጮኸው አምፕሊፋየር

ሦስተኛው ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ከድምፅ መሣሪያ ጋር የተቆራኘ ነው። በረጅም ርቀት የስልክ መስመር ላይ በየመካከሉ የሚተከሉት አምፕሊፋየሮች እያንዳንዳቸው ድምፁን በጥቂቱ ያዛባሉ፤ በርካታዎቹ ሲደረደሩ ንግግሩ አይለይም። ሃሮልድ ብላክ በ1927 ነሐሴ ወር በጀልባ ወደ ሥራው ሲሄድ ያገኘው መፍትሔ ከልማዱ የሚቃረን ነበር። ብርቱ የማጉላት ኃይል ያለው አምፕሊፋየር ይሠራ፤ ከዚያ የውጤቱ ከፊል ተገልብጦ ወደ መግቢያው ይመለስ። የማጉላቱ ኃይል አብዛኛው ይባክናል፤ በምትኩ መዛባቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በመግለጫው ላይ የሚያኮራው ቁጥር ይወድቃል፤ ድምፁ ግን ይጠራል።

ችግሩ አንዳንዶቹ አምፕሊፋየሮች መጮኻቸው ነበር። ምልክቱ በዑደቱ ውስጥ ሲዞር በሚዘገይበት ድግግሞሽ ላይ፣ ሊቀንስ የታሰበው ግብረ መልስ ራሱን መልሶ ይመግባል። በጊዜው የነበረው አስተሳሰብ ማጉላቱ ሲበዛ ይጮኻል፣ ሲቀነስ ይረጋጋል የሚል ነበር። በተግባር ግን ማጉላቱ ብዙ ሲሆን ጸጥ የሚሉ፣ ሲቀነስ የሚጮኹ አምፕሊፋየሮች ታዩ፤ ይህን የሚያስረዳ አልተገኘም።

ናይኲስት በጥር 1932 ባሳተመው ጽሑፍ አስረዳው። በእያንዳንዱ ድግግሞሽ ላይ ምልክቱ አንድ ዑደት ዞሮ ሲመለስ ያለውን መጠንና መዘግየት በአንድ ገጽ ላይ በመስመር ይሳላል፤ መስመሩ አንዲት የተወሰነች ነጥብን ከከበበ መሣሪያው ይጮኻል፣ ካልከበበ ይረጋጋል። ማጉላቱ ብዙ ወይም ጥቂት መሆኑ ብቻውን የሚወስነው ነገር የለም፤ የሚወስነው የመስመሩ ቅርጽ ነው። ሄንድሪክ ቦዴ ይህንኑ ለንድፍ በሚመች መልክ አዳበረው፤ ከአውሮፕላን መሪ እስከ ኬሚካል ፋብሪካ ያለው የቁጥጥር ምሕንድስናም ተረከበው። ከአምፕሊፋየር መግለጫ ላይ የማጉላት ኃይልንና የዋት ብዛትን ብቻ ለሚያነብ ገዢ ግን ይህች ሥዕል አትታይም፤ ሁለት አንድ ዓይነት ቁጥር የያዙ መሣሪያዎች አንዱ ጥርት ብሎ ሌላው በአንድ ዓይነት ድምፅ ማጉያ ሲገናኝ የሚንቀጠቀጥበት ምክንያት ግን ከእርሷ ውስጥ ነው ያለው።

ወደ ኮምፒዩተሩ

ናይኲስት ስለ ኮምፒዩተር አልጻፈም። በቴሌግራፍ መስመር ላይ የተጠቀመበት አካሄድ ግን ለኮምፒዩተር ያገለግላል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ጠባቡን ቦታ መፈለግ። ጂን አምዳል በ1967 ይህን በሌላ ቋንቋ አስቀምጦታል። ከአንድ ሥራ 60 በመቶው ብቻ የሚፋጠን ከሆነ፣ የሚያፋጥነው መሣሪያ ወሰን የሌለው ፍጥነት ቢኖረው እንኳ ጠቅላላ ሥራው ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ አይፈጥንም። ቀሪው 40 በመቶ ማስታወሻን መጠበቅ ወይም ከዲስክ ማንበብ ከሆነ ገንዘቡ መዋል ያለበት እዚያ ላይ ነው። የክሎክ ፍጥነት ራሱም ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በ4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የዘገየው በሙቀት ምክንያት ነው።

በድምፅ ሥራ ላይ የፕሮሰሰር ፍጥነት የሚታየው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ስሌቱ በጊዜው ካልደረሰ ድምፁ ይቆራረጣል። በጊዜው ከደረሰ፣ በርካሹም በውዱም ማሽን የሚወጡት ቢቶች አንድ ናቸው። በ48,000 ናሙና ፍጥነት 256 ናሙና የሚይዝ ጊዜያዊ ማከማቻ 5.3 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። ፍጥነቱ ወደ 96,000 ከፍ ቢል መዘግየቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ፕሮሰሰሩ ግን በሰከንድ እጥፍ ናሙና ለማስላት ይገደዳል። ደካማ ማሽን ላይ ከፍ ያለ የናሙና ፍጥነት መምረጥ መቆራረጥን መጋበዝ ይሆናል፤ ቁጥሩ አደገ፣ ድምፁ ተበላሸ።

ጠያቂው ሰው

ናይኲስት 138 የፈጠራ መብቶች ሲኖሩት በስሙ የታተሙት የቴክኒክ ጽሑፎች ግን አሥራ ሁለት ገደማ ናቸው። በቤል ላቦራቶሪ ስለ እርሱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። የመሥሪያ ቤቱ የፈጠራ መብት ጠበቆች ከሌሎች ይልቅ ብዙ መብት ያስመዘገቡት ሠራተኞች የሚጋሩት ምን እንደሆነ ለማወቅ መዝገብ ሲያገላብጡ በትምህርትም ሆነ በሥራ ክፍል የሚያገናኛቸው አላገኙም፤ ያገኙት ብዙዎቹ ቁርስ ወይም ምሳ ከናይኲስት ጋር መብላታቸውን ነው። ሐሳብ አያቀብላቸውም ነበር፤ ጥያቄ ግን ይጠይቃቸው ነበር። የጆንሰን ሬዚስተርና የብላክ አምፕሊፋየር በእጁ ያለፉበትን መንገድ ለሚያስብ ታሪኩ እንግዳ አይሆንም። ሁለቱንም መሣሪያዎች የሠራቸው እርሱ አይደለም፤ እስከ የት ሊደርሱ እንደሚችሉ የነገራቸው ግን እርሱ ነው።

በ1960 የሬዲዮ መሐንዲሶች ተቋም የክብር ሜዳልያውን ሲሸልመው የጠቀሰለት ሥራ በሙቀት የሚመጣውን ሁካታ፣ የመረጃ ማስተላለፍንና የአሉታዊ ግብረ መልስን ጉዳይ ነው፤ ሦስቱም ከሽልማቱ በፊት ቢያንስ 28 ዓመት የሞላቸው ነበሩ። ከጡረታ በኋላም ለአሜሪካ መንግሥት በኮሙኒኬሽን ጉዳይ ያማክር ነበር። ሚያዝያ 1976 በቴክሳስ ግዛት ሃርሊንገን ከተማ በ87 ዓመቱ አረፈ። በሰከንድ 44,100 ናሙና የሚወስደው ዲስክ በጃፓን ገበያ ላይ የዋለው ከዚያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው።